የዩታ አዳኝ ቁጣ ለምን ዕጩው ጋ ሳይደርስ ይቀራል? ስለ ኮከስና ስለ ሕዝብ መሬት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በየመኸሩ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሙል ዲርና ኤልክ የሚባሉትን የአጋዘን ዓይነቶች ለማደን ወደ ሕዝብ መሬት፣ ማለትም ማንም ሊገባበት ወደሚችል የፌዴራል መንግሥት መሬት፣ እንወጣለን፤ የግል እርሻ ላይ ከፍሎ የማደን አቅሙ የለንም። በ2025 ይህ መሬት ይሸጥ የሚለው ጉዳይ ሲነሣ የማውቀው አዳኝ ሁሉ ተቆጥቶ ነበር። አዳኝ በሞላበት ስቴት ውስጥ መሬት እንሽጥ የሚሉ ሰዎች እንዴት ነው የሚመረጡት? ኮከስ የሚባለውስ ነገር ምንድን ነው? የማታ ፈረቃ ስለምሠራ ሄጄ አላውቅም። ከጓደኞቼ ሁለቱ ደግሞ ያላቸው ግሪን ካርድ ነው። ምን ማድረግ እንችላለን?»

ምላሽ፦

የመልሱን ግማሽ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፦ «የማታ ፈረቃ ስለምሠራ ሄጄ አላውቅም።» በዩታ፣ በተለይ በሪፐብሊካን ፓርቲ በኩል፣ ኖቬምበር ሲደርስ የአብዛኛው ወንበር ጉዳይ ያለቀለት ነው። ዕጩው የሚጣራው ከማርች እስከ ጁን ባለው ጊዜ ነው፤ የማጣራቱም መጀመሪያ ማታ የሚሠራ፣ ሕፃን የሚጠብቅና ታክሲ የሚነዳ ሰው በማይገኝበት ክፍል ውስጥ ይደረጋል። የአዳኙ ቁጣ እውነተኛ ነው፤ የሚነሣው ግን ዕጩው ከተለየ በኋላ ነው።

ኮከስ የአንድ ፓርቲ አባላት በየሰፈራቸው የሚያደርጉት ስብሰባ ነው። በየሁለት ዓመቱ፣ በማርች አንድ ምሽት፣ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት ውስጥ ይካሄዳል። በር ላይ መታወቂያ ታይቶ ከመራጮች መዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ከዚያ የየፕሪሲንክቱ ሰዎች ለየብቻ ይቀመጣሉ። ፕሪሲንክት ትንሿ የምርጫ ቀጠና ናት፣ ጥቂት መንገዶችን ብቻ የምትይዝም አለች። እዚያ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሰፈሩ ሰብሳቢ ይመረጣል፤ ቀጥሎ የካውንቲና የስቴት ዴሌጌቶች፣ ማለትም ሰፈሩን ወክለው በፓርቲው ጉባኤ ላይ ድምፅ የሚሰጡ ሰዎች፣ ይመረጣሉ። ዴሌጌት ለመሆን የሚፈልግ ሰው ተነሥቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ይናገራል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ክፍሉ ውስጥ 25 ሰው ካለ 13 ድምፅ ይበቃል።

በኤፕሪል ዴሌጌቶቹ ኮንቬንሽን፣ ማለትም የፓርቲው ጉባኤ፣ ላይ ይሰበሰባሉ። በሪፐብሊካን በኩል በመላው ስቴት ያሉት አራት ሺህ ገደማ ናቸው። በዙር በዙር ድምፅ ይሰጣሉ። በመጨረሻው ዙር 60 በመቶ ያገኘ ዕጩ ጉባኤውን ለብቻው ያሸንፋል፤ ሁለቱም ከ40 እስከ 60 መካከል ከቀሩ ሁለቱም ወደ ጁን ፕራይመሪ፣ ማለትም መራጮች የፓርቲውን ዕጩ ወደሚለዩበት ምርጫ፣ ያልፋሉ። ከ40 በታች የወረደ፣ ሌላ መንገድ ካላዘጋጀ፣ ስሙ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ሳይወጣ ይቀራል።

ይህ ሥርዓት ከእርስዎ የአደን መሬት ጋር እንዴት እንደተያያዘ ለማየት ወደ 2010 መመለስ ይጠቅማል። በዚያ ዓመት ለሦስት የሥራ ዘመን ሴናተር የነበሩት ቦብ ቤኔት በጉባኤው ላይ ወደቁ። 3,500 ያህል ዴሌጌት ነበር የተሰበሰበው። ቤኔት ሦስተኛ ሆነው ወጡ፤ ሁለቱ ቀሪዎች ወደ ፕራይመሪ አለፉ፤ ከሁለቱ አንዱ ማይክ ሊ ነበሩ፣ በጠባብ ልዩነትም አሸነፉ። ልብ ይበሉ፣ ዴሌጌቶቹን ያስቆጣው በ2008 ለባንኮች የተሰጠው የማዳኛ ገንዘብ ነበር። ስለ ሙል ዲር ክረምት ማሳለፊያ ወይም ስለ ኤልክ መሸጋገሪያ ብሎ ድምፁን የሰጠ ዴሌጌት ቢኖር በጣም ጥቂት ነው። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በጁን 2025፣ እኚሁ ሴናተር በትልቁ የበጀት ሕግ ውስጥ በ11 የምዕራብ ስቴቶች የሚገኝ የቢ.ኤል.ኤም.ና የፎረስት ሰርቪስ (የፌዴራል መሬትና ደን የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች) መሬት በግዴታ እንዲሸጥ የሚያዝ አንቀጽ አስገቡ፤ መጠኑ ከ0.5 እስከ 0.75 በመቶ፣ በኤከር ሲቆጠር ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ነበር። የሴኔቱ የሥነ ሥርዓት ዳኛ አንቀጹ በበጀት ሕግ ውስጥ ሊገባ አይችልም አሉ፤ ማይክ ሊ አጥብበው ሊመልሱት ሞክረው በመጨረሻ ጁን 28 ቀን አነሡት። ያነሡት የአዳኝና የዓሣ አጥማጅ ጩኸት ስለበረታና የአይዳሆና የሞንታና ሪፐብሊካን ሴናተሮች ጭምር ስለተቃወሙ ነው። አንድ ምሽት በሌላ ጉዳይ የተቆጣ ክፍል የመረጠው ዴሌጌት ለ15 ዓመት የመሬት ፖሊሲ መነሻ ሆነ ማለት ነው።

በ2016ም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ለሪፐብሊካን የፕሬዚዳንት ዕጩነት ይወዳደሩ ከነበሩት ቴድ ክሩዝ የፌዴራል መሬት ወደ ስቴቶች እንዲዛወር በግልጽ ይደግፉ ነበር፤ ዶናልድ ትራምፕ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሐሳቡን እንደማይወዱት ተናግረው ነበር። በዩታ ኮከስ ክሩዝ 69 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኙ፤ ምክንያቱ ግን የትራምፕን ጠባይ አለመውደድ እንጂ የመሬት ጉዳይ አልነበረም። በኮሎራዶ የሪፐብሊካን ፓርቲ በዚያ ዓመት ኮከሱ ላይ ለፕሬዚዳንት ዕጩ ድምፅ ማሰጠቱን ጨርሶ ተወውና ዴሌጌቶቹ በየጉባኤው ተመረጡ፤ ክሩዝም ጠቅልለው ወሰዷቸው። ለመሬቱ ሲል ድምፅ መስጠት የፈለገ የኮሎራዶ አዳኝ ድምፅ የሚሰጥበት ሳጥን እንኳ አላገኘም።

ስብሰባው ምን ያህል ሰው እንደሚያስቀር በቁጥር ልንገርዎ። በ2020 የዩታ ሪፐብሊካኖች የፕሬዚዳንት ዕጩ የለዩት በፕራይመሪ ነበር፤ ከ340 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ። በ2024 ወደ ኮከስ ተመለሱና የመጣው ሰው 85 ሺህ ገደማ ሆነ። በእርግጥ በ2020 የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ እስከ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር፤ በ2024 ግን በአንድ ምሽት መሰለፍ ግድ ነበር። ልዩነቱን በአብዛኛው ያመጣው ይኸው ይመስለኛል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ሁለተኛ መንገድ ልምጣ። በ2014 በወጣው የዩታ ሕግ ዕጩ ተወዳዳሪ ጉባኤውን ሳይጠብቅ ፊርማ አሰባስቦ ፕራይመሪ ላይ መግባት ይችላል። ለገዢነትና ለፌዴራል ሴናተርነት 28,000፣ ለፌዴራል ተወካዮች ምክር ቤት 7,000፣ ለስቴት ሴኔት 2,000፣ ለስቴቱ ተወካዮች ምክር ቤት 1,000 ፊርማ ያስፈልጋል። ሁለቱንም መንገድ በአንድነት መሄድ ይቻላል፤ ጉባኤ ላይ የወደቀ ዕጩም ፊርማው ከተሟላ ጁን ላይ ይወዳደራል። በ2024 ገዢው ስፔንሰር ኮክስ በጉባኤው በፊል ላይማን ክፉኛ ተሸነፉ። ላይማን በ2014 ቢ.ኤል.ኤም. ለሞተር ተሽከርካሪ የዘጋውን የሪካፕቸር ካንየን መንገድ በተቃውሞ ሰልፍ ነድተው ገብተው የተፈረደባቸው፣ በኋላም በፕሬዚዳንት ይቅርታ የተደረገላቸው ሰው ናቸው። ኮክስ ፊርማ ስለነበራቸው ፕራይመሪው ላይ ወጥተው አሸነፉ። ጆን ከርቲስም በዚያው ዓመት ለሴኔት እንዲሁ ጉባኤ ላይ ተሸንፈው በፕራይመሪ አሸንፈዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይሠሩ እፈራለሁ። በፊርማ ያለፈ ዕጩ ለሕዝብ መሬት ይቆማል ማለት አይደለም። እኚሁ ኮክስ ፕራይመሪውን ካሸነፉ ከሁለት ወር በኋላ፣ ኦገስት 2024፣ ስቴቱ 18.5 ሚሊዮን ኤከር የፌዴራል መሬት ላይ ክስ መመሥረቱን ያስታወቁ ሰው ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን ጃንዋሪ 2025 ሳይቀበለው ቀረ። የፌዴራል ተወካዮች ምክር ቤት አባሏን ሴለስት ማሎይን ይውሰዱ፦ በ2024 ጉባኤው ላይ ማይክ ሊ በደገፉት ኮልቢ ጄንኪንስ ተበለጡ፣ ከ40 በመቶ በላይ ስለነበራቸው ግን ፕራይመሪ ገቡ፤ እንደገና በተደረገ ቆጠራ በ176 ድምፅ አሸነፉ። በሜይ 2025 ደግሞ በዩታና በኔቫዳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኤከር እንዲሸጥ የሚል ማሻሻያ ከኔቫዳው ተወካይ ከማርክ አሞዴይ ጋር በሌሊት የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ያስገቡት እሳቸው ነበሩ። ያም ሳይጸድቅ ወጣ፤ በግንባር የተቃወሙት የሞንታናው ሪፐብሊካን ራያን ዚንኪ ናቸው። ፕራይመሪ የሚወስኑትን ሰዎች ያበዛል፤ ዕጩው ግን ስለ መሬት ካልተጠየቀ ለብዙ ሰውም ቢሆን አይመልስም።

ለምን አይጠየቅም? ኮከስ ላይም ሆነ ጉባኤ ላይ አዳኝ ሲነሣ የሚጠይቀው ስለ ጠመንጃ ነው። ዕጩው በካሞ የአደን ልብስ የተነሣውን ፎቶ ያሳያል፣ የጦር መሣሪያ መብት እንደማይነካ ይናገራል፣ ጭብጨባ ይቀበላል። ጠመንጃው ግን መሬት አይሰጥዎትም። በጃንዋሪ 2017 የዩታው የፌዴራል ተወካይ ጄሰን ቻፌትዝ 3.3 ሚሊዮን ኤከር እንዲሸጥ የሚል ረቂቅ አቀረቡ፤ አዳኞች በስልክና በሰልፍ ተነሡባቸው፤ ከአንድ ሳምንት ብዙም ሳይርቅ ረቂቁን እንደሚያነሡ ሲያስታውቁ የለጠፉት ፎቶ የአደን ልብስ ለብሰው ነው፣ የጻፉትም አዳኝና የጠመንጃ ባለቤት መሆናቸውን ነው። ያ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ረቂቁን ከማቅረብ ግን አላገዳቸውም።

በአማርኛ ስናወራ ሌላም እንቅፋት አለብን። «የመንግሥት መሬት» ስንል ጆሯችን የሚሰማው የተከለለ፣ ፈቃድ የሚለመንበት፣ ከእኛ የራቀ ነገር ነው፤ የመጣነው መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ከሆነበት፣ ሰውም ስለ መሬት ከቀበሌ ጋር ሲከራከር ከሚኖርበት አገር ነው። የቢ.ኤል.ኤም. መሬት ላይ ግን ታግዎን (የአደን ፈቃድዎን) ይዘው፣ ማንንም ሳይለምኑ፣ ገብተው ድንኳን ይተክላሉ። ስለዚህ ለጓደኞችዎ ሲያስረዱ «የሕዝብ መሬት» ይበሉ፤ ቃሉ ነገሩን ይገልጠዋል።

ዕጩዎች የሚጠቀሙባቸውን ቃላትም መለየት ያስፈልጋል። «መሬታችን ይመለስልን» የሚለው ስሕተት ነው። ይህ መሬት በ1848 ከሜክሲኮ ወደ ፌዴራል መንግሥቱ የተላለፈ ነው፤ ዩታ ስቴት የሆነችው በ1896 ነው፤ ስቴት ስትሆንም ባልተመደበው የሕዝብ መሬት ላይ የባለቤትነት ጥያቄ እንደማታነሣ ተስማምታ ነው። ያልነበረዎት ነገር አይመለስም። «ስቴቱ እንስሳቱን በደንብ ይጠብቃል» የሚለው ደግሞ እውነት ሆኖ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አጋዘኑንና ታጉን የሚያስተዳድረው ዱሮም ስቴቱ ነው፣ በፌዴራል መሬት ላይም ጭምር። የተነሣው ጥያቄ የመሬቱ ባለቤት ማን ይሁን የሚል ነው። «ወደ ስቴት ቢዛወር ምን ይጎዳል፣ አይሸጥም» ለሚሉት መልሱ የስቴት ትረስት ላንድ ታሪክ ነው። ዩታ ስቴት ስትሆን ወደ 7.5 ሚሊዮን ኤከር ለትምህርት ቤቶችና ለሌሎች ተቋማት ገቢ እንዲሆን ተሰጣት፤ ዛሬ የቀራት 3.4 ሚሊዮን ገደማ ነው። ኔቫዳ ከተሰጣት 2.7 ሚሊዮን ኤከር የቀራት ሦስት ሺህ ያህል ብቻ ነው። ይህ የማንም ክፋት ውጤት አይደለም፤ ትረስት ላንድ በሕግ ገንዘብ የማምጣት ግዴታ አለበት፣ የስቴት በጀትም ጉድለት አይፈቀድለትም። ትልቅ ሰደድ እሳት በደረሰበት ዓመት የማጥፊያው ወጪ በስቴቱ ላይ ብቻ ቢወድቅ መጀመሪያ ወደ ገበያ የሚወጣው ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በሌላ በኩል ሽያጭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሁሉንም በጅምላ የሚቃወም አዳኝ ክርክሩን ያዳክማል። ከ1976 ጀምሮ ሕጉ የፌዴራል መሬት በፌዴራል እጅ እንዲቆይ ያዝዛል፤ ሆኖም የተነጠሉ ቁራጮች በዕቅድ ውስጥ ተለይተው፣ ለሕዝብ ማስታወቂያ ወጥቶ፣ በገበያ ዋጋ ሊሸጡ ይችላሉ። ላስ ቬጋስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በዓይናቸው አይተዋል፦ በ1998 በወጣ ልዩ ሕግ በሸለቆው ዙሪያ በተከለለ ወሰን ውስጥ የቢ.ኤል.ኤም. መሬት ለከተማው ማስፋፊያ ይሸጣል፣ ከገቢውም አብዛኛው እዚያው ኔቫዳ ውስጥ ለጥበቃና ለፓርኮች ይውላል። የ2025ቱ ከዚህ የሚለየው ኮታ አስቀምጦ ኤጀንሲዎቹን በግዴታ ሽጡ ማለቱና ገቢውን በአብዛኛው ወደ ፌዴራል ግምጃ ቤት መውሰዱ ነው።

ስለዚህ ዕጩን «የሕዝብ መሬት ይወዳሉ?» ብለው አይጠይቁ፤ የማይወድ የለም። እንዲህ ይጠይቁ፦ የፌዴራል መሬት ባለቤትነት ወደ ስቴቱ እንዲዛወር የሚጠይቅ ሕግ ወይም ክስ ይደግፋሉ? መሬት በበጀት ሕግ ውስጥ እንዲሸጥ ድምፅ ይሰጣሉ? የሚሸጥ ቁራጭ ካለ በየትኛው ካርታ ላይ፣ በየትኛው የሕዝብ ማስታወቂያ፣ ገቢውስ የት ይገባል? ከሽያጩ በስተጀርባ ላለው መሬት መግቢያ መንገዱ ክፍት ሆኖ ይቀራል? መልሱ «የአካባቢው ሰው ይወስን» ብቻ ከሆነ አልተመለሰልዎትምና ይድገሙት። የስቴት ተወካዮችን አይርሱ። በ2012 ፌዴራል መንግሥቱ መሬቱን እንዲያስረክብ የጠየቀው ሕግ የወጣው ከዩታ ምክር ቤት ነው፤ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ፕራይመሪ ለመግባት 1,000 ፊርማ ይበቃዋል። አዳኝ በእውነት ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው ወንበር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ እርስዎ ሁኔታ ልመለስ። መጀመሪያ ቮት ዶት ዩታ ዶት ጎቭ ላይ ገብተው ምዝገባዎን፣ ፓርቲዎንና ፕሪሲንክትዎን ያረጋግጡ፤ ወሰኖች ይቀየራሉ፣ ቤት ከቀየሩም አድራሻው አብሮ አይቀየርም። የሪፐብሊካን ፕራይመሪ ለተመዘገቡ ሪፐብሊካኖች ብቻ ነው፤ የዴሞክራቱ ፓርቲ ለማንም ያልተመዘገቡ መራጮችን ይቀበላል። የየትኛው አባል እንደሚሆኑ የራስዎ ውሳኔ ነው፤ ነገር ግን ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው መቀየር ከፈለጉ ቀነ ገደቡ ከፕራይመሪው በብዙ ወራት ይቀድማል። ሰው ጁን ላይ አስታውሶ ሲሄድ የሚመለሰው በዚህ ነው። ከምርጫው ዓመት በፊት በመከር፣ የአደን ታጉን ሲያዘጋጁ፣ አብረው ይጨርሱት።

ኮከሱ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምራል፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ቀኑ ቀድሞ ስለሚታወቅ ከአንድ ወር በፊት ፈረቃ መቀየር ይቻላል። ከሄዱ ብቻዎን አይሂዱ፤ በፕሪሲንክትዎ ውስጥ ስድስት ሰባት አዳኝ ወይም ዓሣ አጥማጅ ጎረቤት ካገኙ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ትልቅ ቁጥር ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ለዴሌጌትነት ይቅረብ፤ የሚናገረውም አንድ ደቂቃ የማይሞላ ይሁን፦ የት ሰፈር እንደሚኖር፣ ስለ ምን ጉዳይ ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ሰፈሩን እንዴት እንደሚያማክር። ሁላችሁም ለአንድ ሰው ድምፅ ስጡ። ሦስት አዳኞች ለዴሌጌትነት ተወዳድረው ድምፁን ከተከፋፈሉ አንዳቸውም አያልፉም።

ፈረቃው ካልተቀየረ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ፊርማ ነው። ፊርማ አሰባሳቢ በርዎን ሲያንኳኳ ዕጩው ስለ መሬት ያለውን አቋም ጠይቀው ይፈርሙ፤ ለአንድ ወንበር ለአንድ ዕጩ ብቻ ነው የሚፈረመው፣ ስለዚህ ለመጀመሪያው ባለ ክሊፕቦርድ አይቸኩሉ። ስምዎንና አድራሻዎን መዝገቡ ላይ እንዳለው ይጻፉ፤ በመራጭነት ፋይልዎ ካለው ፊርማ ጋር ስለሚመሳከር ያልተመሳሰለ ይጣላል። ሁለተኛው፣ ከኮከስ እስከ ኮንቬንሽን ያለው አንድ ወር ገደማ ነው። የሰፈሩን ሰብሳቢ ደውለው ዴሌጌቶቹ እነማን እንደሆኑ ይጠይቁ። በሃያ ሰው የተመረጠ ዴሌጌት ከአምስት ጎረቤቶቹ ስለ አንድ ጉዳይ ከሰማ ችላ ማለት ይከብደዋል፤ ለሴናተር ቢሮ የሚጻፍ አምስት ኢሜይል ግን እዚያው ይሰጥማል።

በጁን ድምፅዎን በፖስታ ከሰጡ አያዘግዩ። በ2024 በ176 ድምፅ በተወሰነው ውድድር በደቡብ ዩታ በጊዜ የተላኩ የተባሉ ድምፆች በላስ ቬጋስ በኩል ስለተዘዋወሩ ማህተማቸው ዘግይቶ ተመቶ ሳይቆጠሩ ቀርተዋል። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ፖስታው በምርጫው ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ምርጫውን በሚያስፈጽመው የካውንቲው ክለርክ እጅ መግባት አለበት። የመጨረሻው ሳምንት ከደረሰ የካውንቲው የድምፅ መቀበያ ሣጥን ውስጥ በእጅዎ ይክተቱት።

ግሪን ካርድ ያላቸው ጓደኞችዎን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለ። ለመራጭነት እንዳይመዘገቡ፣ ኮከስ ላይም ድምፅ እንዳይሰጡ። መንጃ ፈቃድ ሲያድሱ «መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ለሚለው መልሱ «አይ» ነው፤ በስሕተት የተሰጠ አንድ ድምፅ ዜግነታቸውን ሊያስከለክል፣ ከአገርም ሊያስወጣ ይችላል። ድምፅ የማይጠይቀውን ግን ሁሉ ማድረግ ይችላሉ። ለተወካይ ቢሮ ደውለው ሐሳባቸውን መናገር፣ የዕጩ ስብሰባ ላይ ተገኝተው መጠየቅ፣ ሕጉ በሚፈቅደው መጠንም ለምርጫ ዘመቻ ማዋጣት ይፈቀድላቸዋል። ቢ.ኤል.ኤም.ም ሆነ ፎረስት ሰርቪስ የመሬት ዕቅድ ሲከለስ የሕዝብ አስተያየት መቀበያ ጊዜ ይከፍታሉ፤ ዜግነት አይጠየቅም። አስተያየቱ የሚመዝነው ቦታ ሲጠቅስ ነው፦ የአደን ክልሉ ስም፣ የገቡበት የመንገድ ቁጥር፣ ኤልኩን በየትኛው ወር የት እንዳዩት። «መሬቱን አትሽጡ» የሚል ሺህ ተመሳሳይ ደብዳቤ እንደ አንድ ሐሳብ ተጠቃልሎ ይመለሳል፤ የተዘጋው መንገድ ስንት ማይል መግቢያ እንደሚያሳጣ የሚገልጽ አንድ ገጽ ግን ኤጀንሲው በቀላሉ አያልፈውም።